ዛፓ የሌለበት የዛፓ ኮንሰርት

በሰሜን ጀርመን፣ ከባልቲክ ባሕር ዳርቻ ብዙም ሳትርቅ፣ ባድ ዶበራን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ለዘመናት የታወቀችው በመካከለኛው ዘመን የሲስተርሺያን መነኮሳት በጡብ ባሠሩት ግዙፍ ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ ቅዳሴ ቤቱ የተከበረው በ1368 ነው። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከ1990 ወዲህ ግን በጋ ሲመጣ ሌላ ዓይነት ተሳላሚ ይጎርፍባታል። ድንኳን የተሸከሙ፣ ብዙዎቹም ጸጉራቸው የሸበተ ሰዎች ዛፓናሌ ለተባለው ፌስቲቫል ይሰበሰባሉ፤ አሜሪካዊው ፍራንክ ዛፓ የደረሰውን ሙዚቃ ሌሎች ሰዎች ሲጫወቱት ሊሰሙ። ዛፓ ራሱ በፌስቲቫሉ ላይ አንድም ቀን አልተገኘም። በ2002 ከተማዋ ሐውልት አቆመችለት። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1995 የሊትዌኒያዋ ቪልኒየስም አቁማለታለች፤ የቀረጸውም በሶቪየት ዘመን የሌኒንን ምስል ሲቀርጽ የኖረ ባለሙያ ነው። ዕድሜውን ሙሉ በቴሌቪዥን ሰባኪዎች ሲያላግጥና አምልኮ በሚመስል ነገር ሁሉ ሲስቅ ለኖረ ሰው ይህ ሁሉ ክብር ትንሽ የሚያስቅ ነገር አለው።

የሚያስቀውን ወደ ጎን ብናደርገው ግን አንድ ከባድ ጥያቄ ይቀራል። ባንዱ መድረክ ላይ ወጥቶ የመጀመሪያውን ድምፅ ሲያሰማ ታዳሚው የሚሰማው ምንድን ነው? የዛፓን ሙዚቃ ነው ወይስ የዛፓን ሙዚቃ የሚመስል ሌላ ነገር?

ሰውየው በ1940 በባልቲሞር ተወለደ። በዲሴምበር 1993 መጀመሪያ ሎስ አንጀለስ ውስጥ በፕሮስቴት ካንሰር ሲሞት 53ኛ ዓመቱን ሊደፍን ሦስት ሳምንት እንኳ አልቀረውም ነበር። በሕይወት ሳለ ከ60 በላይ አልበሞች አሳትሟል። ሙዚቃ መጻፍን በአብዛኛው የተማረው ከቤተ መጻሕፍት፣ በራሱ ጥረት ነው። በልጅነቱ የሙዚቃ ደራሲውን የኤድጋር ቫሬዝን ሸክላ አግኝቶ ልቡ ስለ ተሰቀለ፣ እናቱ ለ15ኛ የልደት ቀኑ የረጅም ርቀት ስልክ እንዲደውል ፈቀደችለት፤ እሱም የደወለው ኒው ዮርክ ወደሚገኘው የቫሬዝ ቤት ነበር። ቫሬዝ ብራስልስ ስለ ነበር ያነጋገረችው ሚስቱ ናት። ከ1966 ጀምሮ «ማዘርስ ኦቭ ኢንቬንሽን» ከተባለው ባንዱ ጋር፣ ኋላም በራሱ ስም፣ ሮክን ከብሉዝ፣ ከጃዝ፣ ከኦርኬስትራ፣ ከቀልድና ከስድብ ጋር እየቀላቀለ ሠራ። ራሱን የሚጠራው ግን ሮክ አቀንቃኝ ብሎ ሳይሆን የሙዚቃ ደራሲ ብሎ ነበር። ታዋቂው የኦርኬስትራ መሪ ፒየር ቡሌዝ በ1984 ሥራዎቹን መርቶ መቅረጹም ይህ ባዶ ኩራት እንዳልነበረ ያሳያል።

አሁን ወደ ጥያቄው። ቤትሆቨን ከሞተ ወደ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ አምስተኛው ሲምፎኒ ሲቀርብ ግን «ደራሲው በሌለበት ይህ እንዴት የእሱ ይሆናል?» ብሎ የሚሟገት የለም። ሥራው ወረቀቱ ላይ አለ፤ ወረቀቱን አክብሮ የተጫወተ ሁሉ ሥራውን አቅርቧል። ሮክ ግን እንዲህ አይደለም። አሜሪካዊው ፈላስፋ ቴዎዶር ግራሲክ በ1996 ባሳተመው መጽሐፍ እንደሚከራከረው፣ በሮክ ውስጥ ዋናው የጥበብ ሥራ ቅጂው ራሱ ነው፦ የተቀረጸው ድምፅ፣ የዚያ ዘፋኝ ጉሮሮ፣ የዚያ ስቱዲዮ ማሚቶ። ዘፈኑን ሌላ ሰው ሲጫወተው ታዳሚው ከሸክላው ጋር እያስተያየ የሚፈርደው ለዚህ ነው። በዚህ አስተሳሰብ የሌላ ሰውን ዘፈኖች የሚጫወት የመታሰቢያ ባንድ ቢበዛ የተዋጣለት አስመሳይ ነው።

ሌላኛው ጽንፍ ደግሞ ፈላስፋው ኔልሰን ጉድማን ነው። በ1968 መጽሐፉ ከወረቀቱ አንዲት ኖታ የሳተ አቀራረብ፣ ምን ቢያምርም፣ የዚያ ሥራ አቀራረብ ሊባል አይችልም አለ። ኖታዎቹን ሁሉ አሟልቶ ነፍስ የሌለው ነገር የተጫወተ ግን ያልፋል። ሙዚቀኞች ይህን ሲሰሙ መሳቃቸው አይቀርም። ጉድማን ይህን ያለው ግን አንድ የሚያስፈራው ነገር ስለ ነበረ ነው፦ አንዲት ኖታ ብትለወጥ ምን አለበት ካልን፣ አንድ በአንድ እየለወጥን አንዱን ሥራ ሌላ ሥራ ላይ ልናደርሰው እንችላለን።

ዛፓ የእነዚህን የሁለቱን ክርክር የሚያፋልስ ሰው ነው። እንደ ሮክ ሰው ስቱዲዮ ውስጥ ሌሊቱን ያነጋል፤ እንደ ኦርኬስትራ ደራሲ ደግሞ ኖታ ይጽፋል። «ዘ ብላክ ፔጅ» የተባለውን ሥራ ለድራም ተጫዋቹ ለቴሪ ቦዚዮ ሲጽፍለት ወረቀቱ ከኖታ ብዛት የተነሳ ጠቁሮ ይታይ ነበር፤ ስሙንም ያገኘው ከዚያ ነው። በ1976 መጨረሻ በኒው ዮርክ መድረክ ላይ ተቀርጾ በ1978 ታተመ። ዛሬ ድራም የሚማሩ ወጣቶች ያንን ገጽ እንደ ፈተና ይጋፈጡታል። ፈተናውን ለማለፍ ዛፓን መምሰል አያስፈልግም፤ መቁጠር መቻል ይበቃል።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ዛፓን ከቤትሆቨን ጎን አስቀምጦ መገላገል ይቻል ነበር። ዛፓ ግን የገዛ ወረቀቱን የሚያከብር ሰው አልነበረም። ለየጉዞው ባንዱን ለረጅም ሳምንታት ያለማምዳል፤ መድረክ ላይ ሲወጣ ደግሞ ያንን ሁሉ ልምምድ በአንድ የእጅ ምልክት ይገለብጠዋል። ጣቶቹን ከጆሮው አጠገብ ጉንጉን ጸጉር እንደሚያሽከረክር ሰው ካንቀሳቀሰ ባንዱ በሙሉ ዘፈኑን በዚያው ቅጽበት ወደ ሬጌ ማዞር አለበት። ከ1988 እስከ 1992 በስድስት ክፍል ያሳተማቸው የመድረክ ቅጂዎች ውስጥ ደግሞ አንድ ዘፈን በአንድ ከተማ ተጀምሮ በሌላ ዓመት፣ በሌላ ባንድ ይቀጥላል፤ ስፌቱ በጆሮ የማይለይበት ጊዜም አለ። እንዲህ ባለ ሥራ ላይ «ትክክለኛው» ቅጂ የትኛው ነው ብሎ መጠየቅ ራሱ ያስቸግራል።

ከዚህም የባሰ አለ። በ1980ዎቹ አጋማሽ የቀድሞ አልበሞቹን እንደገና ሲያሳትም፣ ከሁለቱ ላይ በ1960ዎቹ የተቀረጸውን ቤዝና ድራም አጥፍቶ በአዲስ ተጫዋቾች አስቀረጸው። አድናቂዎቹ ተቆጡ፤ የድሮዎቹ የባንዱ አባላት ደግሞ ይበልጥ። ግራሲክ እንደሚለው ቅጂው ሥራው ከሆነ፣ ዛፓ የራሱን ሥራ ያበላሸ ሰው ነው። ደራሲው የፈቀደው ሁሉ ሥራው ነው ካልን ደግሞ፣ የተቆጡት አድናቂዎች ምን አገባቸው? እዚህ ላይ የአድናቂዎቹ ቁጣ አንድ እውነት የያዘ ይመስላል፦ ሥራው ከደራሲው እጅ ከወጣ በኋላ በደራሲው ላይ እንኳ ሊሟገት የሚችል የራሱ ህልውና አለው። ይህን ከተቀበልን የደራሲው ሞት እንደ መጀመሪያው አያስደነግጥም።

ስለ መታሰቢያ ባንድ የሚነሳው ክርክር እውነተኛ መልኩን የሚያሳየው ግን በጊታር ሶሎዎቹ ላይ ነው።

ዛፓ ሶሎ ሲጫወት አስቀድሞ ያዘጋጀው ነገር የለውም። መድረክ ላይ፣ በዚያ ምሽት፣ ከዚያ ድራመር ጋር እየተነጋገረ ይፈጥረዋል። ጊታር ተጫዋቹ ስቲቭ ቫይ ገና በወጣትነቱ የተቀጠረው እነዚህን ሶሎዎች ከቅጂ እየሰማ በኖታ እንዲገለብጣቸው ነበር፤ በ1982 በመጽሐፍ ታትመዋል። በቅጽበት ተወልዶ ሊጠፋ የነበረ ነገር በዚህ መንገድ ወረቀት ላይ ቀረ።

የዛፓ ልጅ ድዊዝል በ2006 «ዛፓ ፕሌይስ ዛፓ» በሚል ስም የአባቱን ሥራዎች ይዞ ጉዞ ሲጀምር የጠበቀው ችግር ይኸው ነው። ከመነሳቱ በፊት ወደ ሁለት ዓመት ገደማ አጥንቷል፤ እሱ ራሱ የታወቀ ጊታር ተጫዋች ሆኖ ሳለ ለማሪምባና ለኪቦርድ የተጻፉ ፈጣን ሐረጎችን በጊታር ለማውጣት የመምቻ አያያዙን እንደገና መማር ነበረበት። የተጻፈው ክፍል በዚህ መንገድ ይገፋል፤ ላብ ይጠይቃል እንጂ እንቆቅልሽ የለውም። ወደ ሶሎው ሲደረስ ግን ሁለቱም መንገዶች ይጎረብጣሉ። አባቱ በ1975 አልበም ላይ የተጫወተውን ኖታ በኖታ ቢደግመው፣ ያ ሶሎ ሲወለድ ከነበረው ነገር ዋናውን፣ ማለትም ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ አለማወቅን፣ አስቀርቶታል። የራሱን ልብ የፈቀደውን ቢጫወት ደግሞ ታዳሚው የመጣው ለዚያ አልነበረም። ድዊዝል መሃል መንገድ ያዘ፦ ከአባቱ ሐረጎች ጥቂቶቹን ይጠራል፣ በመካከላቸው ግን በአባቱ የአነጋገር ልማድ የራሱን ይናገራል። «ፒችስ ኤን ሬጋሊያ» ላይ ያቀረበው ቅጂ በ2009 ግራሚ አሸልሞታል። ሽልማቱ ግን ለክርክሩ መልስ አይሆንም።

የአብነት ትምህርት ቤትን ደጃፍ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህን ጭንቅ ሲሰማ በከፊል ይገርመዋል። በድጓ ላይ ቅዱስ ያሬድ የለም ብሎ የሚጨነቅ መርጌታ የለም። ዜማው ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ሲወርድ ኖሯል፤ ምልክቶቹንም በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳደራጇቸው ይነገራል፤ የቤተልሔም፣ የቆማና የአጫብር እየተባለ በየቤቱ ልዩነት ቢኖረውም ያሬድ ከአንዱ ቤት ጠፍቶ በሌላው ቤት ተገኘ አይባልም። ድጓውን እንደ ወደደ የሚያጣምም ተማሪ ግን ይገሠጻል። ከዚያው ግቢ ትንሽ ራቅ ብሎ ደግሞ የቅኔው ጉባኤ አለ፤ እዚያ ሕጉ ተቃራኒ ነው። ትናንት የተቀኘውን ዛሬ ቃል በቃል የደገመ፣ አንድ ፊደል ባይስት እንኳ፣ ተቀኘ አይባልም። ከመምህሩ የሚወስደው መንገዱን ነው፤ ቅኔው የዕለቱና የራሱ መሆን አለበት። ሁለቱም ታማኝነት ናቸው፤ ግን የተለያየ ታማኝነት። የዛፓ ሙዚቃ ከባድ የሆነው አንዱ ባንድ በአንድ ምሽት፣ አንዳንዴም በአንድ ዘፈን ውስጥ፣ ሁለቱንም እንዲሆን ስለሚጠይቀው ነው፦ ለስምንት ደቂቃ ድጓ፣ ከዚያ ድንገት ቅኔ። ብዙዎቹ የመታሰቢያ ባንዶች የሚወድቁት በድጓው አይደለም፤ እሱን በትጋት ይወጡታል። የሚወድቁት ቅኔውንም እንደ ድጓ ሲያዜሙት ነው።

ስለ ታዳሚው ደግሞ ቅዱስ አውግስጢኖስ የጻፈው ነገር አለ። በኑዛዜው 11ኛ መጽሐፍ ላይ ጊዜ ምንድን ነው ብሎ ሲጠይቅ የሚያነሳው ምሳሌ በቃሉ የሚያውቀውን መዝሙር የሚዘምር ሰው ነው፦ ገና ሳይጀምር ነፍሱ ወደ ሙሉው መዝሙር ትዘረጋለች፣ እየዘመረ ሲሄድ የሚጠበቀው እያነሰ የሚታወሰው ይጨምራል። የዛፓ ተከታይ ወደ መድረኩ የሚሄደው እንዲህ ሆኖ ነው። ሸክላውን በጆሮው ይዞ ነው የሚገባው፤ ባንዱ ደግሞ ያንን የተያዘ ነገር አንዴ ያሟላለታል፣ አንዴ ያስተዋል። እቤት ተቀምጦ የሚሰማው ሸክላ ሁልጊዜ ያሟላለታል። መቶ ጊዜ የሰማውን ዘፈን ከመድረክ ሲሰማ የሚጠብቀው ነገር ላይመጣ እንደሚችል ያውቃል፤ ድራመሩ ያንን አስቸጋሪ መታጠፊያ ሊስተው ይችላል። ሲያልፈው የሚነሳው ጩኸት ለሟቹ ብቻ የሚመስላቸው ተቺዎች ተሳስተዋል፤ ከጩኸቱ ብዙው ለድራመሩ ነው።

ሟቹስ ምን ይል ነበር? በ1993 የካንሰሩ ነገር እየከፋ በሄደበት ጊዜ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ቀርቦ በምን መታወስ እንደሚፈልግ ሲጠየቅ፣ መታወስ አስፈላጊ አይደለም ብሎ መለሰ። መቃብሩም ስም አልተጻፈበትም። አርስቶትል በኒቆማኮስ ሥነ ምግባሩ የመጀመሪያ መጽሐፍ ላይ በሕይወት ያሉት የሚያደርጉት ነገር ሙታንን ይነካቸው እንደሆነ ይጠይቅና፣ ቢነካቸውም በጥቂቱ ነው ወደሚል መልስ ያዘነብላል። ዛፓ የጠየቀው ከዚያም ያነሰ ነው። እንግዲህ የባድ ዶበራን ሰዎች ለእሱ የሚከፍሉት ዕዳ የለባቸውም። ዕዳ ካለባቸው ለሙዚቃው ነው፤ ይህን ያህል የተደከመበት ነገር የሚጫወተው አጥቶ በወረቀት እንዳይቀር።

ወራሾቹ ግን በዚህ አይስማሙም ነበር። ሚስቱ ጌይል ሙዚቃውን ያለ ፈቃድ በሚጫወቱ ባንዶች ላይ ጠንካራ አቋም ነበራት፤ የዛፓናሌን አዘጋጆችም በስሙ አጠቃቀም ከሳ በ2009 ዱሰልዶርፍ ላይ ተሸንፋለች። በ2015 ስትሞት የቤተሰቡን ንብረት ለአራቱ ልጆች እኩል አልተወችም፤ አህመትና ዲቫ እያንዳንዳቸው 30 በመቶ፣ ድዊዝልና ሙን እያንዳንዳቸው 20 በመቶ ደረሳቸው። በማግስቱ ዓመት ድዊዝል «ዛፓ ፕሌይስ ዛፓ» በሚለው ስም መጠቀም ስለ ተከለከለ የጉዞውን ስም ቀየረ። የገዛ አባቱን ሙዚቃ በገዛ ስሙ የሚጫወት ሰው በስም ሲካሰስ ማየት ያሳዝናል፤ ከፍልስፍናው ጥያቄ ጋር ግን ብዙም አይገናኝም። ፍርድ ቤት የሚያየው የስም ባለቤትነትን ነው። በ2022 ንብረቱ ለዩኒቨርሳል ሙዚቃ ኩባንያ ተሽጧል።

ከዚህ ጠብ ውስጥ ግን ለጥያቄው የሚጠቅም አንድ ነገር ወጥቷል። በ2019 የንብረቱ አስተዳዳሪዎች ዛፓን ራሱን ወደ መድረክ መለሱት፦ በሆሎግራም። በ1974 ከተቀረጸ ድምፅ ውስጥ የእሱ ጊታርና ድምፅ ብቻ ተለይቶ ወጣ፤ ምስሉ በብርሃን ተሠራ፤ ከኋላው በሕይወት ሳለ አብረውት የሠሩ እንደ ሬይ ዋይት፣ ማይክ ኬኔሊና ስኮት ተንስ ያሉ ሰዎች ቆሙ። በአሜሪካና በአውሮፓ ዞሩ። በመምሰል ረገድ ከዚህ የሚበልጥ አይኖርም፤ ጊታሩ የራሱ የዛፓ ጣቶች የመቱት ነው፣ ሶሎውም የእሱ ነው። ጉድለቱ በአንድ በኩል ነው፦ ብርሃኑ አይሰማም። ሕያዋኑ ተጫዋቾች በጆሮ ማዳመጫ የሚመጣላቸውን ምት ተከትለው ከቅጂው ጋር ይገጥማሉ፤ ከመካከላቸው አንዱ አዲስ ነገር ቢሞክር ሆሎግራሙ ዞር ብሎ አያየውም፣ በጣቱም ወደ ሬጌ አያዞራቸውም። በሕይወቱ ማንኛውንም ባንድ በዚያ ምልክት ሲያንቀጠቅጥ የኖረ ሰው እዚህ ላይ ባንዱ የሚታዘዘው በ1974 ለተናገረው ብቻ ነው። አንድን ሰው በመድረክ ላይ አለ የሚያሰኘው መልኩ ከሆነ ሆሎግራሙ ያሸንፋል። መልስ መስጠቱ ከሆነ ግን ባድ ዶበራን ላይ ከሚጫወቱት ባንዶች የሚያንስ ነው።

ዛፓ ራሱ በሕያው ተጫዋችና በማሽን ጉዳይ ላይ አንዴ ሐሳቡን ቀይሯል። በ1983 ከለንደን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ጋር ባደረገው ቀረጻ የተጫዋቾቹ ስህተት በጣም አናዶት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሲንክላቪየር ወደ ተባለው ኮምፒውተር ፊቱን አዞረ፤ የማይደክም፣ የማይሳሳት፣ ደመወዝ የማይጠይቅ ባንድ። በ1986 ያወጣው «ጃዝ ፍሮም ሄል» አንድ የመድረክ ሶሎ ሲቀር በሙሉ የማሽኑ ሥራ ነው፤ ከውስጡ «ጂ-ስፖት ቶርናዶ» የሰው እጅ ሊጫወተው አይችልም ተብሎ የተጻፈ ነበር። ከዚያም የፍራንክፈርቱ የሙዚቃ ቡድን አንሳምብል ሞደርን መጣ። ሙዚቀኞቹ ሎስ አንጀለስ ድረስ ሄደው ከእሱ ጋር ተለማመዱ፤ በሴፕቴምበር 1992 በፍራንክፈርት አልተ ኦፐር መድረክ ላይ ያንን የማሽን ሥራ በቫዮሊን፣ በክላርኔትና በማሪምባ ተጫወቱት። ይህን ሥራ ሲጫወቱ የመራቸው በሕመም የደከመው ዛፓ ራሱ ነበር። ቅጂው «ዘ የሎ ሻርክ» በሚል ርዕስ ወጥቶ ከወር በኋላ እሱ ሞተ።

አንሳምብሉ በዚያ አላቆመም። ከአስር ዓመት ገደማ በኋላ ሌሎች የሲንክላቪየር ሥራዎቹንም ይዞ ሁለተኛ አልበም ቀረጸ፤ በዚህኛው ጊዜ ከፊት ቆሞ እጁን የሚያነሳ ደራሲ አልነበረም። የኮምፒውተሩን ፋይል ወደ ኖታ፣ ኖታውን ወደ ጣት መመለስ የነበረባቸው አቀናባሪዎቹና ተጫዋቾቹ ናቸው። ጥርጣሬ በገባቸው ቁጥር የሚጠይቁት ሰው ስላልነበረም እርስ በርሳቸው ተሟግተው ወሰኑ።